የሦስቱ አግዳሚዎች አስተማሪ፣ የአቶ ይድነቃቸው ገብሬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይድነቃቸው ገብሬ ከአባታቸው ከአቶ ገብሬ ሀብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስናቀች ደስታ መስከረም 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በይርጋ ዓለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ልጅ ሳሉ ከሲታ፣ ደረታቸውም ወደ ውስጥ የገባ ስለነበር ከእኩዮቻቸው ጋር ወንዝ ሲወርዱ ሸሚዛቸውን አያወልቁም ነበር። እናታቸው “ይሄ ልጅ ከነሸሚዙ ነው የተወለደው” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀልዱን አልወደዱትም።

ትምህርታቸውን እስከ ዐሥረኛ ክፍል እዚያው ተከታተሉ። ልባቸው የሄደው ግን ወደ ብረት ነው። የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በሁለት ጣሳ መሐል የውኃ ቧንቧ ሰክተው፣ አግዳሚ ላይ በጀርባቸው ተኝተው መግፋት ጀመሩ። አግዳሚው የእድር ስለነበር ለቅሶ በሆነ ቁጥር ይወሰድባቸዋል።

በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብተው ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር ተቀመጡ። ጆንያ ተሸከሙ፣ ምግብ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆነው ቆሙ። በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሠናይት ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ምርቃትንና ብሩክታዊትን ወለዱ። በ1989 ዓ.ም. ከአንድ ሎጅ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይተው ስፖርት ቤት ከፈቱ።

ሦስት አግዳሚ ነበራቸው። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ራስጌው ቀና ያለ፣ አንዱ ደግሞ ራስጌው ወደ ታች ያዘቀዘቀ። ደረት ልሥራ ብሎ የሚመጣ ሁሉ ሮጦ የሚተኛው ጠፍጣፋው ላይ ነው፤ ብዙ ኪሎ የሚገፋው እዚያ ነዋ። አቶ ይድነቃቸው ግን ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ እጁን እንዴት እንደሚያወዛውዝ አይተው ነው የሚመርጡለት። የላይኛው ደረቱ ለጎደለ ቀና ያለውን ይሰጡታል። አንድ እጁ ለሚሰንፍ በየእጁ የሚያዝ ዳምቤል። ትከሻው የታመመ ከሆነ ግን አግዳሚ የሚባል አያስነኩትም፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ያስተኙታል። እንዲያ ሲሆን ክርኑ መሬት ነክቶ ስለሚቆም ትከሻው ከልኩ አያልፍም። ያዘቀዘቀውን ለማን እንደሚሰጡት የሚያውቅ የለም፤ ብዙውን ጊዜ ልብስ ይሰቀልበት ነበር።

ወለል ላይ ተኛ የተባለ ሰው ሁሉ ያፍራል። “ጋሼ፣ እኔን እንደ በሽተኛ?” ይላል። እሳቸውም “ብረት ይሉኝታ አያውቅም፣ ተኛ” ይሉት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን “ይቅር፣ ለሟች ክብር አይሆንም” ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ሙሉነሽ ግን ሟቹ ራሳቸው ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ሲናገሩት የኖሩትን እኛ የምንደብቀው ለማን ብለን ነው ብለዋል። ስለዚህ ተጽፏል።

በ1996 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት በስፖርት ቤታቸው የጠፍጣፋ አግዳሚ ውድድር ተደረገ። የአቶ ይድነቃቸው ቀኝ ትከሻ ከታመመ ቆይቶ ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ ወለል ላይ ነበር የሚሠሩት፤ ለማንም አልተናገሩም። እሳቸው ያስተማሩት የኢስትሊው ጫማ ነጋዴ ኸባብ 120 ኪሎ ገፋ። ሰዉ አጨብጭቦ ወደ አስተማሪው ዞረ። “ጋሼ ሳይገፋማ ጾሙ አልተፈታም” አለ አንዱ። ትከሻዬን ያመኛል ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሚስትና ልጆቻቸው ቆመው ያያሉ፤ እሳቸው ያመኛል ማለት አፈሩ። ጠፍጣፋው ላይ ተኝተው 130 አስጫኑ። ኸባብ እንደ ደንቡ ብረቱን ሊይዝላቸው ራስጌያቸው ቢቆም “ዞር በል፣ ሕፃን አደረግኸኝ?” አሉት። ብረቱ ወረደ፤ አልተመለሰም። የደረታቸው ሥጋ ሲበጠስ በሩ ጋ የቆመ ሰው ሰምቷል። ብረቱን ከላያቸው ያነሣው ያው ዞር በል የተባለው ኸባብ ነው።

ቁስሉ ሻረ፣ እፍረቱ ግን አልሻረም። ስፖርት ቤቱን ለተማሪዎቻቸው ትተው ላቪንግተን በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት እያደሩ ማሠልጠን ያዙ። ለሚጠይቅ ሁሉ “ሞምባሳ ሄዷል” በሉ ብለው ቤተሰቡን አዘዙ፤ ቤተሰቡም አንገቱን ደፍቶ እንዲሁ አለ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀሩ። እንዲህ ሆነው ዓመት ሊሞላቸው ሲል አንድ ቀን ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ ኸባብ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

“ጋሼ፣ ሞምባሳ መቼ ነው ላቪንግተን የተዛወረችው?” አላቸው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኸባብ ግን ሊያሾፍ አልነበረም የተቀመጠው። “ወለል ላይ ተኛ ብንለው እሺ የሚል ሰው ጠፋ። ትከሻው የታመመ ሁሉ ጠፍጣፋው ላይ ነው የሚወጣው። ጋሼም እንዲህ አድርጎ የለም ወይ ይሉናል” አላቸው። አቶ ይድነቃቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ ደረታቸው ላይ ከወደቀው ብረት ይልቅ ይህ ከበዳቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ያንን ደረጃ ወጡ። ሸሚዛቸውን አወለቁ። የደረታቸው ቀኝ ጎን ጎድጉዶ ነበር፤ ሁሉም አየው። ምንጣፉን ራሳቸው አንጥፈው ወለሉ ላይ ተኙና ምንም ኪሎ ያልተጫነበትን ብረት ጠየቁ። “ኸባብ፣ ራስጌዬ ቁም። ሲያቅተኝ ያዝልኝ” አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወለል ላይ ተኛ ሲባል የሚከራከር ጠፋ።

እፍረቱ ለቀቃቸው ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። ያንን ፋሲካ ሲያነሡ እስከ መጨረሻው ዓይናቸው መሬት መሬት ያይ ነበር። እያፈሩ ግን ያስተምሩ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ባደረባቸው የጉበት ሕመም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በናይሮቢ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሠናይት፣ ልጆቻቸው ምርቃትና ብሩክታዊት፣ እህታቸው ሙሉነሽ፣ ከዚያ ፎቅ ላይ ያስተማሯቸውም ሁሉ ሐዘንተኞች ናቸው።

ዛሬ ሣጥኑን የምትሸከሙ ተማሪዎቻቸው፣ እሳቸው ቢኖሩ አካሄዳችሁን አይተው ማን የቱ ጋ እንደሚይዝ ይመርጡላችሁ ነበር። አሁን እናንተው ምረጡ። ትከሻውን የሚያመው ከኋላ ይከተል። መንገድ ላይ የደከመው ደግሞ “ያዝልኝ” ይበል፤ ማፈር የለም።

ልዑል እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ሰው ከሰው በማይተፋፈርበት ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።