እንሰት ሥር የቆመው ሰው

ሰኞ፣ ነሐሴ 21

ደግሞ በሬ! ንድፉ ዛሬ መጣ። ለአብዮት በዓል በቀበሌው አዳራሽ የሚሰቀል ትልቅ ጥልፍ ነው፤ ገበሬ ጥንድ በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ይዞት መጥቶ በሴቶች ማኅበር የጥልፍ ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «ጓድ አልማዝ፣ ከዚህ ውልፍት የለም» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

ባሌን ተሾመን ከወሰዱት ወዲህ ከራሴ አውጥቼ ጠልፌ አላውቅም። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ነው ከቤት ያወጡት። ስድስት ዓመት አለፈው። የት እንዳደረሱት የነገረኝ የለም። ከዚያ በፊት እኮ አበባ ፈጥሬ የምጠልፍ ሴት ነበርኩ፤ ከይርጋጨፌ ድረስ ሙሽሮች ይመጡብኝ ነበር። አሁን የሰጡኝን እገለብጣለሁ። የገለበጠ ሰው አይጠየቅም።

ማክሰኞ 22

ዝናብ። መብራት የለም፤ መስኮት ሥር ዋልኩ። በሬዎቹ አስቸገሩኝ። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ ሰው በሬ ሲጠመድ የት አይቼ! ንድፉ ቀንበሩ ጋ ታጥፎ ቀለሙ ለቋል። ቀንበሩን በግምት ቀንዳቸው ላይ አሰርኩት።

በየነች አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። አብራኝ የምትጠልፍ የወናጎ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ይቺ ፍየል ናት?»

በሬ ነው አልኳት።

«እኛ አገር በበሬ ማን ያርሳል? አባቴ በመቆፈሪያ ነው። ስንዴም የለ። ይሄ የማን አገር ገበሬ ነው?»

ዝም በይ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው አልኳት። ሳቋ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ረቡዕ 23

በሬዎቹን በምላጭ ፈታኋቸው። አስተካክዬ ልጠልፋቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። ባዶው ቦታ ላይ አንዲት የእንሰት ቅጠል ብቻ ልሞክር አልኩ። አንዷ ሌላዋን ጠራች። አረንጓዴው ክር ሲያልቅ በሰማያዊ ቀጠልኩ፤ ጭራሽ አማረ። ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልቅ ዋርካ። ምሳዬን ረሳሁ። መርፌው ሲወጋኝ እንኳ አልተሰማኝም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስ ሲለኝ ደግሞ ፈራሁ። ይሄን አሻጥር ይሉታል፤ በዚህ ስም ስንቱ ሄዷል። እንዲያም ሆኖ እጄን አላቆምኩም።

ሐሙስ 24

ገበሬው ቀረኝ። መቆፈሪያ አስያዝኩት። ንድፉ ላይ ደረቱን ነፍቶ ነው የቆመው፤ የእኔው አልነፋ አለ። ግራ ትከሻው ዘመም አለ። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ራቅ ብዬ ሳየው ተሾመ ነው። እሁድ እሁድ ጓሯችንን ሲቆፍር እንዲህ ቆሞ ነበር የሚያርፈው። አስተማሪ አይደል፣ ቶሎ ይደክመው ነበር።

አለቀስኩ። በየነች ተነስታ በሩን ዘጋችልኝ። ዓይንና አፍ ሳልሠራለት ተውኩት፣ እንዳይለይ ብዬ። ሞኝነት። ሰው በአቋሙም ይታወቃል።

ዓርብ 25

ሊቀመንበሩ መጣ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ። ጥልፉን ሲያይ ቆየ።

«በሬው የታለ?»

እዚህ አገር በበሬ አይታረስም አልኩት። ይጮህብኛል ስል እንሰቱን በጣቱ ዳሰሰና «ጪጩ ያለውን የእናቴን ጓሮ ይመስላል» አለ። ፈገግ ያለም መሰለኝ። ከዚያ ሰውዬውን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

ተሾመን ሲወስዱት በራችን ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው እሱ ነበር። ያኔ የቀበሌው ጥበቃ ነበር።

«እትዬ አልማዝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያች ቀን ወዲህ እትዬ ብሎኝ አያውቅም። «እንሰቱ ይሁን። ሰውዬውን ግን እስከ ነገ ይፍቱት። ለእርስዎም ለእኔም ይሻላል።»

ቅዳሜ 26

ምላጩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከመቆፈሪያው ልጀምር ብዬ አንድ ክር ቆረጥኩ። ወዲያው መልሼ ጠለፍኩት። እነሱ ያደረጉትን እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ልድገመው?

ሊቀመንበሩ ሲመጣ ምላጩን ዘረጋሁለት። «እርስዎ ይፍቱት» አልኩት። የእኔ ድምፅ አልመስል አለኝ። ምላጩን ተቀበለኝ። ጨርቁ ላይ ጎንበስ አለ። በየነች እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ቆየ፣ ቆየና ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ጥልፉን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ያቃጥለው ይሆን? ለበላዮቹ ያሳየው ይሆን? ምንም አላውቅም።

እሁድ 27

ስብሰባ ተጠራ። ልቅር ብዬ ነበር፤ መቅረትም ያስጠይቃል። አዳራሹ ስገባ ጥልፉ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል። እንሰቱም፣ ቡናውም፣ ተሾመም። ምላጭ አልነካውም። ሊቀመንበሩ ከሥሩ ተቀምጦ ስብሰባው እስኪያልቅ አንዴም ዞሮ አላየውም።

ከኋላዬ የነበሩት የድሮ ጎረቤታችን ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። አውቀውታል። እሳቸው ካወቁት ሌላም ያወቀው አለ ማለት ነው። ዛሬ ወይ ነገ መጥተው ደጄን ያንኳኩ ይሆናል። እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የት አደረሳችሁት ስል የኖርኩትን ሰው፣ ዛሬ በእነሱው አዳራሽ ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አየሁት።

ቢመጡም ቤት ነኝ።