ጠማማ ቀዳዳ ያለው ሳጥን

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ፣ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን። ድካሙን ግን የለም ብዬ አልዋሽህም፤ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስተኩስ ውዬ ስገባ እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

ባለፈው ስትደውል "አባባ ተቀይመውኛል እንዴ? እሺ፣ እሺ ብለው ስልኩን ለእማዬ ይሰጧታል" አልከኝ። ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁት። አልተቀየሙህም ወንድሜ። ስለማይሰሙህ ነው። "ልጄ በእጁ የሠራው ተበላሸ ብለሽ እንዳትነግሪው፣ ያዝናል" ብለው አስምለውኝ ነበር። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ነገሩ ከመሄድህ በፊት ለድምፅ ማጉያው ኃይል እንዲሰጥ የሠራኸው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ጆሯቸው እንደምታውቀው ደክሟል፤ ስልኩን በሽቦ ከማጉያው ጋር አገናኝተን ድምፅህን በስፒከሩ ካላወጣነው አይሰሙህም። ሳጥኑ ታዲያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ "እምምም" የሚል አመል አመጣ። አንተ ስታወራ እሳቸው የሚሰሙት የንብ ቀፎ ነው። ደጋግሞ "ምን አልክ?" ማለቱ አሳፈራቸውና እሺ እሺ ብለው መገላገል ያዙ።

ሰፈሩ "ዶክተር" እያለ የሚጠራው ሬዲዮ ጠጋኝ መጣና ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት "ይሄ የጨዋታ ሥራ ነው፤ ጥላችሁ ሌላ ግዙ" አለ። አባባ ከዘራቸውን ፈለጉ። እሱም ገባው መሰለኝ ቶሎ ወጣ። ከዚያ ማን ቀረ? እኔ። አንተ ስትበይድ የእጅ ባትሪ ይዤልህ ያየሁትን ታህል እውቀት ይዤ ገባሁበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ትቼ ማጉያውን በመኪና ባትሪ አስነሣሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣው። ጥፋቱ የሳጥኑ መሆኑን በዚህ አወቅሁ። ቀጥዬ ያበጠ የመሰለኝን ካፓሲተር፣ ያን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን፣ ለወጥኩ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ዳዮድ የምትላቸውን ትንንሽ ዕቃዎች እየነቀልኩ በቴስተር ለካሁ፤ ሁሉም ደህና። እነሱን መልሼ ስበይድ ደግሞ ደህና የነበረውን ሽቦ በጠስኩ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሶኬቱን ነቅዬ ወዲያው እጄን ብሰድ ካፓሲተሩ ይዞ ያስቀረውን ኤሌክትሪክ አቀመሰኝ። "ነቅለሽም አትመኚው" የምትለኝ ትዝ ያለኝ መሬት ላይ ዘፍ ካልኩ በኋላ ነው። እማዬ "በዚህ ቆርቆሮ ልጄን ልትጨርሱብኝ ነው" ብላ ሁላችንንም አኮረፈች። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ጠላሁት። ሳጥኑንም፣ ስፒከሩንም፣ ሁሉንም በእኔ ላይ ጥለህ የሄድከውን አንተንም። ደክሞኝ ነው፣ አትቀየመኝ።

በመጨረሻም ያገኘሁት በብልሃት እንዳይመስልህ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ጠዋት ቤት ዋልኩ። አባባ ተነሡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ አንተ እንዳስተማርካቸው ሶኬቱን ነቀሉ፣ ከዚያ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ሳጥኑን ማበስ ጀመሩ። ክዳኑን፣ ጎኑን፣ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር፣ የሕፃን ፊት እንደሚያብስ ሰው። እማዬን "ሁልጊዜ ነው እንዴ?" ብላት "ከሄደ ጀምሮ" አለችኝ። እኔ እሳቸው ሳይነሡ ስለምወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። የመሬት ሽቦዎቹን ሰብስበህ ከቆርቆሮው ጋር ያሰርክበት ብሎን ልክ ከቀዳዳዎቹ ሥር ነው፤ ውሃው ሲንጠባጠብበት ኖሮ በዝገት ተበልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ አጥብቄ መለስኩት። ያ ሁሉ ንብ በአንዴ ጠፋ።

አሁን "ያበላሹት እርስዎ ነዎት" በምን አፌ ልበላቸው? ደህናውን ሳጥን ጠረጴዛው ሥር ሸሸግኩት። በእሱ ቦታ መጀመሪያ ስትሞክር ቀዳዳውን አጣመህ የጣልከውን፣ "ጠማማው መሐንዲስ" ያስባለህን ባዶ ቆርቆሮ አስቀመጥኩላቸው፤ እማዬ ክር ታስቀምጥበት ነበር። ዓይናቸውም ስለደከመ አይለዩትም ብዬ ነው።

በማግስቱ ልወጣ ስል ተነሥተው ነበርና ቆሜ አየኋቸው። አበሱ፣ አበሱና ጣታቸው ቀዳዳዎቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ይሄ ባዶው ነው" አሉ። "ገብቶኛል፣ ውሃው ነው አይደል? ግን ይሄንንም ተዪልኝ" አሉኝ። ከዚያ ቀዳዳውን እየዳበሱ፣ ያጣመምከው አንተ እንዳልሆንክ ነገሩኝ። ስትቀድ ቆርቆሮውን የያዙልህ እሳቸው ነበሩ፤ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ቆርቆሮው ስለተንሸራተተ ነው የጠመመው። ቤቱ ሁሉ ሲስቅብህ አንተ ዝም ብለህ አብረህ ሳቅህ፤ እሳቸውም አፍረው ዝም አሉ። "ልንገረው?" ብላቸው "አንቺ ምን ቤት ነሽ! ሲደውል ራሴ እነግረዋለሁ" አሉ። ይኸውና ከዚያ ወዲህ ስልኩ አጠገብ ነው የሚውሉት።

እማዬ ግንባርህን ስማለች፤ ለባለቤትህ "አደራ፣ በደንብ አብዪው" ብላለች። ትንሿን አክስትሽ እግሯ እስኪያብጥ ትወድሻለች በልልኝ። አባባ የራሳቸውን ሰላምታ በራሳቸው አፍ ይነግሩሃል።

ቶሎ ደውልላቸው። ረጋ ብለህ አውራ፣ አሁን ይሰማሉ። የቀዳዳውን ነገር ሲያነሡ ግን ገና መስማትህ ይሁን፤ እኔ ምንም አልጻፍኩልህም።

እህትህ

ከቤታችን፣ ከስፒከሩ አጠገብ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን