ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽው ዝርዝር

ፋን ቲየት
በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን

ለልጄ ለኩዌ፣

የፖስታ ቤቱ ሰው ይህ ደብዳቤ ላይፕዚግ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብሎኛል። የእናትሽ ሙት ዓመት በዘጠነኛው ወር በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ጊዜው ይበቃል። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም መስመሩ ሲንሿሿ እንሰማለን። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል፣ ሲሄድ ይተወኛል። ጣሪያው አያፈስም። ጎረቤታችን ማው በየቀኑ እየመጣች ትሰድበኛለች፣ ስለዚህ ሰው አጣሁ አልልም።

አምና ልትሄጂ ስትይ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ አንድ ቅጠል ገንጥለሽ፣ በጀርባው ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽውን ዝርዝር ታስታውሻለሽ። ርእሱ «እዚህ ቤት ያለ ከእንስሳ የተሠራ ነገር» ይላል። ሃያ ስድስት መስመር አለው። በዚህ ቤት እጅሽን እንኳ መታጠብ እንደማትችይ ልታሳይኝ ነው የጻፍሽው። በንዴት እንደጻፍሽው ያስታውቃል፤ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል። እኔም አላረፍኩም። «ከእናትሽ ማዕድ የማትበዪ ከሆነ እናትሽ ቤት ምን ትሠሪያለሽ» አልኩሽ። በማግስቱ ለሙት ዓመቷ ያቀረብነው ፍሬ ከመሠዊያው ሳይወርድ ሄድሽ።

ወረቀቱን ያልጣልኩት መጀመሪያ በእልህ ነበር። አንድ ሁለት ወር እያየሁት አለፍኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት የእጅ ሳሙናው አለቀ፣ የመጀመሪያው መስመርም ሳሙና ነው የሚለው። እስቲ አንዱን ልሰርዝ ብዬ ጀመርኩ። ዛሬ ሃያ አራቱ ተሰርዘዋል። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ግን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ሳሙና ከሞራ እንደሚሠራ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ሱቅ ሄጄ ማሸጊያውን በማጉያ መነጽር ሳነብ ባለሱቁ ከመንግሥት የተላክሁ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። ከኮኮናት ዘይት ብቻ የሚሠራው ከሆ ቺ ሚን ከተማ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። የአንዱ ዋጋ የድሮውን አራት ይገዛል፣ በእኛ እርጥበት ደግሞ በሳምንት ይሟሟል። አሁን በክር ቆራርጬ ትንሽ ትንሽ አወጣለሁ። የጥርስ ሳሙናው አረፋ የለውም፤ ግድግዳ የላስኩ ይመስለኛል። የዳክዬ ላባ ትራሱን ከጥጥ ዛፍ ፍሬ በሚወጣው ጥጥ አስሞላሁት፣ ብናኙ ሌሊቱን ያስነጥሰኛል። የቆዳ ጫማዬን ሰጥቼ ሸራ ገዛሁ፣ ዓሣ ገበያ ስደርስ ውስጡ ውኃ ነው። የቆዳ ቀበቶውም እንዲሁ ሄደ። የማው የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ለሙሽሮቹ ብርጭቆ ላነሳ ስነሳ የጨርቁ ቀበቶ ለቀቀ፣ በአንድ እጄ ብርጭቆ በአንድ እጄ ሱሪ ይዤ መረቅኳቸው። ምርቃቱ አጭር ነበር።

የሠራሁትን ስሕተትም ልንገርሽ፣ ከማው ከምትሰሚው። እኔ የማውቀው ጾም የቡድሃ ቤተ መቅደሱን፣ የፓጎዳውን ነው፤ ጨረቃ ስትወለድ አንድ ቀን፣ ስትሞላ አንድ ቀን። በፓጎዳው ጾም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይበላም። ስለዚህ የአንቺም እንደዚያው መስሎኝ ቤት ያለውን ነጭ ሽንኩርት ሁሉ በቅርጫት ሰብስቤ ለማው ወሰድኩላት።

«ምን አጠፋ ይሄ?» አለችኝ።

«ኩዌ አትበላውም» አልኳት።

«ቱዋን፣ ነጭ ሽንኩርት እናት አለው እንዴ? ማን አርዶት ነው?»

አስረዳኋት፣ እሷም ሳቋን እስክትጨርስ ቆምኩ። የባሰው ሌላ ነው። ከፓጎዳው ሱቅ «የጾም» ብዬ የገዛሁትን ቋሊማና ብስኩት ማሸጊያ የሱቁ ሻጭ ልጅ ስታነብልኝ ውስጡ እንቁላልና ወተት አለበት። ለካ የእነሱ ጾም ወተት አይከለክልም። አንድ ወር ሙሉ ሽንኩርት ሳልበላ እንቁላል እየበላሁ ኖሬያለሁ፣ ሁለቱም አንቺ የምትፈልጊው ተገላቢጦሽ። የቆርቆሮ ወተቱንም ያኔ ነው የተውኩት። ቡናውን ጥቁሩን እጠጣለሁ። አልወደድኩትም፣ ግን ይነጋል ይመሻል።

አሥራ አንደኛው መስመር፣ ወረቀቱ የተቀደደበት፣ «የቁም ሣጥኑ ሙጫ» ይላል። አናጢውን ጠርቼ ሙጫው ከቆዳ ተፈልቶ የተሠራ ነው ወይ አልኩት። ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ የጠሩኝ ዕቃ ልጠግን ነው ወይስ ንስሐ ላናዝዝ?» አለኝ። በኋላ ግን ሦስት ቀን ፈጅቶ ሁሉንም መገጣጠሚያ ፈታ፣ በሌላ ሙጫ መልሶ አጣበቀው። አሁን አንዱ በር አይዘጋም። አንቺ ስትመጪ ልብስሽን የምታስገቢበት ስለሆነ እነግርሻለሁ።

የእናትሽ የሐር ቀሚስ አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ አለ። እሱን አልሰጠሁም፣ አላቃጠልኩምም። የሐሩ ትሎች የሞቱት አንቺ ሳትወለጂ ነው። በሣጥን አድርጌ ማው ቤት አስቀምጬዋለሁ፣ ይህ እንደ መሰረዝ ይቆጠር አይቆጠር አንቺ ትፈርጂያለሽ።

የዓሣ ስጎው ከሁሉም ከበደኝ። አርባ ሦስት ዓመት ዓሣና ጨው በርሜል ውስጥ ስጠምቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን የጾም ስጎ ቀምሼ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት፤ ባለ ቀለም ጨው ውኃ ነው። ስለዚህ ራሴ ጀመርኩ። አናናስ፣ ከባሕር የሚለቀም አረምና ጨው በማሰሮ ጠመቅኩ። የመጀመሪያው ሸተተ። ሁለተኛው ሻገተ። ሦስተኛውን ማው ቀምሳ ማንኪያውን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ስድስተኛው አያሳፍርም። ሁለት ጠርሙስ አለሽ፣ ስምሽን ጽፌበታለሁ።

ሃያ አምስተኛው መስመር «በርሜሎቹ» ይላል። እሱን አልሰረዝኩትም፣ አልሰርዘውምም። ጓሮ ያሉት ሁለቱ የአባቴ ናቸው፣ አንቺም ያደግሽው በእነሱ ነው። ሽታው ከከበደሽ ያንቺ መኝታ መስኮት አሁን በመንገዱ በኩል ነው፣ ክፍሉን ቀይሬልሻለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልሄድም። ይህን የምጽፈው እንድትጣይኝ አይደለም፣ መጥተሽ ስታያቸው አታለለኝ እንዳትይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳሙናውን በክር ስቆርጥ ነው የመጣልኝ። ጀርመን እንደሄድሽ ዶሮ የሚታረድበት ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። ሥራው እንዴት ነው ስንልሽ «ብርድ ነው» ብቻ ትዪን ነበር። የላክሽው ገንዘብ ይህን ጣሪያ ሠራ። እኔ ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ ጠየቅኩሽ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደምታዪ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ሃያ ስድስተኛው መስመር ልምጣ። «የእማዬ ማዕድ ላይ ያለው ዓሣ» ይላል።

እናትሽ በሸክላ ድስት የሚሠራውን ዓሣ እንዴት እንደምትወድ ታውቂያለሽ። በሙት ዓመቷ የምትወደውን ካላቀረብኩላት ለምን እጠራታለሁ? በሌላ በኩል ዓሣው ካለ አንቺ ከማዕዱ አትቀርቢም። ስለዚህ ራሷን ልጠይቃት አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ውጭ ስለኖርሽ ረስተሽው ከሆነ፣ ሁለቱን የመዳብ ሳንቲሞች ነው የምልሽ፤ አንድ ገጻቸው ነጭ ኖራ የተቀባው፣ ሌላው የጠቆረው። ሳህን ላይ ሲጣሉ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ከሆነ ሙታን እሺ አሉ ማለት ነው። ሁለቱም ጥቁር ከሆነ እምቢ ነው። ሁለቱም ነጭ ከሆነ ስቀውብሻል።

ዕጣን አብርቼ፣ «ኛን፣ ዘንድሮ በዓሣው ፋንታ የአኩሪ አተር ቶፉ ላቅርብልሽ?» አልኳት። ጥቁር። ደገምኩ፣ ጥቁር። ሦስተኛውም ጥቁር። በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ሳምንት ቆይቼ በእንጉዳይ ጠየቅኳት። ሦስቱንም እምቢ አለች። ስንጋባም ሽማግሌዎቹን እንዲሁ ነበር ያመላለሰቻቸው።

ከዚያ ተቃጥሎ ለሙታን የሚደርሰውን የወረቀት ዕቃ ልገዛ ሠሪዋ ዙየን ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ለእትዬ ኛን ምን እንላክላቸው? ቆንጆ የቆዳ ቦርሳ መጥቷል» አለችኝ።

«ቆዳ አይሆንም።»

«ወረቀት እኮ ነው ጋሼ።»

«ቢሆንም።»

ዙየን ቦርሳውን መለሰችው። «ማው የነገረችኝ እውነት ነው ማለት ነው» አለች። «ልጅዎ ጀርመን ሆና የሚቃጠለውንም ትቆጣጠራለች?»

እዚያው ቆሜ ሳለ ነው የታየኝ። «ዓሣ መሥራት ትችያለሽ?» አልኳት።

«ዓሣ? ሰው ዓሣውን ያበስላል እንጂ በወረቀት ያሠራል እንዴ? ማንም አዝዞኝ አያውቅም።»

«በሸክላ ድስት ውስጥ። ከላዩ ቃሪያ።»

እርሳስ አነሳች። «ስንት ቁራጭ?»

«አራት። አንዱ ጅራት ይሁን፣ ጅራቱን ትወዳለች።»

ከአምስት ቀን በኋላ አምጥታልኝ አየሁት። ቅርፊቱን አንድ በአንድ ቀብታዋለች፣ ስጎው እንኳ ድስቱ ጠርዝ ላይ እንደፈሰሰ አድርጋ ሠርታዋለች። መሠዊያው ላይ አስቀምጬ፣ «ኛን፣ ይህን አቃጥዬ ብልክልሽስ? ከጎኑ ደግሞ ልጅሽ የምትበላውን አቀርባለሁ» አልኩና ሳንቲሞቹን ጣልኩ።

ሁለቱም ነጭ። ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ ሳህኑ ፊት። እዚህ ቤት ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር። ሁለተኛ ስጥል አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ወደቀ። ሃያ ስድስተኛውን መስመር ያኔ ሰረዝኩት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ትመጫለሽ ወይ የሚለው። ሳንቲሞቹን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኳቸው። ስለ ምግቡ ስድስት ጊዜ እምቢ ብትለኝ ችያለሁ። በዚህኛው አንድ ጊዜ እምቢ ብትል አልችልም። ፈራሁ ኩዌ። አምና ያልኩሽን ያልኩት ተናድጄ ነው፣ ቤቱም የእናትሽ ብቻ ሳይሆን ያንቺ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ ሳንቲሞች አንዱን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ማዕዱ ከመነሳቱ በፊት እናትሽ መጥገቧን መጠየቅ እንዳለብን ታውቂያለሽ፤ እስክትመልስም ማንም አይቀምስም። በአንድ ሳንቲም ደግሞ አይጠየቅም። ማው ላውስህ ብላኛለች፣ አልፈልግም አልኳት። ሳንቲሙን ይዘሽ እስክትመጪ ማዕዱ ባለበት ይቆያል፣ እኔም አጠገቡ እቆያለሁ።

መንገድሽን የቀና ያድርገው። በዚያ ብርድ አገር እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ከሰው ፊት አትውረጂ፣ እናትሽ ካለችበት ሆና ከክፉ ትጠብቅሽ።

አባትሽ ቱዋን

ይህን ስጽፍ ማው ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር። ሳንቲሙ ላይ ያለው ኖራ የሚሠራው ከተቃጠለ የባሕር እንስሳ ዛጎል ነው ትላለች። ዝርዝሩ ላይ የለም። ከታች አንድ መስመር የሚሆን ቦታ አለ፣ ስትመጪ በእጅሽ ጻፊው።