የባኪዋ ስፔሰርና ረጅሙ ጸሎት

ሰኞ፣ የካቲት 1 ቀን 2013

ዛሬም ባኪዬ፣ ያቺ ፒክአፕ መኪናዬ፣ ቆመች! ለሱቃችን ዕቃ ጭነን ወደ ሰፈራችን ካትሌሆንግ ስንመለስ ፖሊሶች ለፍተሻ አስቆሙን። ሞተር አጠፋሁ። አንዱ ወረቀታችንን አየና፣ "ሃምባ፣ ሲሲ፣ ሃምባ!" ሂጂ፣ እህቴ፣ ነው የሚለኝ... በምን ልሂድ? ባኪዬ ከጋለች በኋላ ካጠፏት ካርቡሬተሯ ውስጥ ቤንዚኑ ይፈላል፤ አትነሳም። ማስካቸውን እንዳጠለቁ ገፉልን። ቤት ስንደርስ አብሮኝ ጋቢና የነበረው አባዬ፣ "አንዴ ከደገመችው ትሸጣለች።"

ትሸጣለች?! በኮሮና ቤት በተዘጋብን ጊዜ ሞተሯን ፈትቼ፣ ትልቅ ካርቡሬተር ጭኜባት... የመኪና ውድድር ሜዳው ሲከፈት ልነዳት!

ሐሙስ፣ የካቲት 4

ሮዘተንቪል፣ መለዋወጫ ሻጯ ነጂባ ዘንድ። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ሙቀት እንዲርቅ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ስፔሰር ፍለጋ። ሁለት አወጣችልኝ፤ አንዱ ስስ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አንዱ ወፍራም አልሙኒየም።

"ችግርሽ ሙቀት ከሆነ ፕላስቲኩን ውሰጂ።"

"ወፍራሙ ጉልበት ይጨምራል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አልሙኒየም ሙቀት ያሳልፋል እኮ! ድስት ከምን የሚሠራ ይመስልሻል?"

ሰማኋት? ያብረቀርቃላ... ወፍራሙን ገዛሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ወፍራሙ ስፔሰር ካርቡሬተሩን ከፍ ስላደረገው የሞተሩ መክደኛ፣ ኮፈኑ፣ አልዘጋ አለ። ሳልለካ! ሞተሯን አሙቄ፣ አጥፍቼ ሞከርኳት፤ ጭራሽ ባሰባት። አባዬ መስኮቷ ላይ "ለሽያጭ" የሚል ወረቀት ለጠፈ። አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ነጂባ እስኪበቃት ሳቀችብኝና በፕላስቲኩ ለወጠችልኝ። አሁን ግን ለካሁ። እማዬ እንደ ቦምቦሊኖ ጠብሳ ሱቃችን ውስጥ ከምትሸጠው የማግዊንያ ሊጥ ቆረስ አድርጌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ የአየር ማጣሪያው አናት ላይ አስቀመጥኩና ኮፈኑን ዘጋሁት። ስከፍተው ሊጡ ጣት የሚያህል ውፍረት ቀርቶታል። ለስሱ ስፔሰር ቦታ አለ!

"እምነት፣ ሊጤን ምን አደረግሽው?"

"ለካሁበት።"

"ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጅ..."

ከስፔሰሩ ላይም ታችም አዲስ ማሸጊያ ጋስኬት። ረዘም ያሉ ብሎኖች፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሁ። ኮፈኑ ቀጥ ብሎ ተዘጋ።

እሁድ፣ የካቲት 14

ቤተ ክርስቲያን። እስከ ኮዝሞ ሲቲ ድረስ በዚያ ፀሐይ... ስንደርስ ባኪዋ እንደ ምድጃ ግላለች። በእኛ ዘንድ መኪና ሲገዛም ሲሸጥም ይጸለይለታል። አባዬ ገና በሩ ላይ ወንጌላዊ አጵሎስን፣ "ጥሩ ገዢ እንዲያመጣላት ይጸልዩላት" አይላቸው መሰለህ!

"ሞተሩን አጥፊው፣ ልጄ" አሉኝ። ከጋለች በኋላ አጥፍቼ ገና አልሞከርኳትም! እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ሊጭኑ ሲሉ ኮሮና ትዝ አላቸውና ከሩቅ ዘረጉት። ከዚያ ጀመሩ... ለባኪዋ፣ ለጎማዋ፣ ለነጂዋ፣ ለአገር፣ ለክትባቱ። እሳቸው ለአገር ሲጸልዩ እኔ ለካርቡሬተር።

"አሜን! በይ አሁን አንሺያት፣ መግቢያውን ዘግታለች።"

ቁልፉን አዞርኩ። ባንዴ ተነሳች! "ሃሌ ሉያ!" ብሎ የጮኸው ማን ነው? አባዬ! ከዚያ አፍሮ ማስኩን አስተካከለ።

ሰኞ፣ የካቲት 15

የተጸለየለት ገዢ መጣ። ስሙ አየነው ነው፣ ትናንት ከምእመናኑ መሀል ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ አስነሳት፣ አጠፋት፣ እንደገና አስነሳት። ወደዳት።

"ስንት ትላለህ?" አለው አባዬን።

አባዬ ዳቦ እየደረደረ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለቤቷ ያቻትና።"

"ለሽያጭ" የሚለውን ወረቀት ከመስኮቷ ላይ ራሴ ላጥኩት።