ተመራጩ ይቀበላሉ ወይ?

ውድ የኔ ሰው፣

ተመርጠሃል። ይህን ከላይ ያስቀመጥኩት አንተ ሪፖርት ስታነብ ሁልጊዜ ከመደምደሚያው ስለምትጀምር ነው። የመሐንዲሶች ማኅበራችን ፕሬዚዳንት ሆነሃል፤ ለዚያውም በሰፊ ልዩነት። ውጤቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው፤ ውሸትም አይደለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ። ሐዘኑ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው፤ እንዳለ አውቃለሁ፣ የሚለው ግን አይሰማኝም። ከቀበርንህ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። እህትህ በዚህ ተቀይማኛለች። እኛ ቤት ከሰነበተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታጠናለች። "አንቺ ሴት፣ አልቅሺና ይውጣልሽ! ሆድ እኮ መጋዘን አይደለም" ትለኛለች። "እሺ" እላታለሁ። እሺ ማለት አይከብድም።

የከበደኝ አንድ ቃል ነው። "ሞተ" ማለት አቃተኝ። ለባንኩ ሰው "የለም" አልኩ። መሥሪያ ቤትህ ሲደውል ስልኩን ለእህትህ አቀበልኳት። ጋራዡ ደውሎ "መኪናዋ ተሠርታ አልቃለች፤ መቼ ይወስዷታል?" ሲለኝ ደግሞ "እነግረዋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። እህትህ ከጓዳ ሆና ሰማችኝ። ያን ቀን አልቅሺም አላለችኝም።

ስምህ ለውድድር የቀረበ ዕለት የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢነቱን ልልቀቅ ብዬ ማመልከቻ ማስገባቴን ታስታውሳለህ። ባል እየተወዳደረ ሚስት ድምፅ ትቁጠር አይባልም። ማመልከቻዬ ሳይታይ አንተ ያንን አደረግክ። ስንት ጣሪያ ሥር የቆምክ ሰው፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ልብህ ቆመ። ከሳምንታት በኋላ የማኅበሩ ጸሐፊ ቢሮዬ መጣና ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲህ ሰብሳቢዋ፣ የጥቅም ግጭቱ... ተወግዷል" አለኝ። ወዲያው ጆሮው ቀላ። ምስኪን፣ ክፉ ማለቱ አልነበረም፤ እንደ መሐንዲስ አስቦ ነው። አንተ ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር። እኔ "ልክ ነህ፣ እቀጥላለሁ" አልኩት።

ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሞ አልቆ ነበር። ስምህ ይሰረዝ አይሰረዝ ተባለ። "ለክብሩ ይቆይ። ማን የሞተ ሰው ይመርጣል?" አለ ጸሐፊው። ሁሉም ተስማማ። ደግሞስ ከአንተ ጋር የተወዳደረው ውሃ ልክ አይደል? ወደ የትም ስለማያዘነብል አንተው ራስህ ያወጣህለት ስም ነው፤ ዛሬ የሚስቱ እናት እንኳ እንደዚያ ነው የምትጠራው። ባሸንፍም ብሸነፍም ማኅበሩ በደህና እጅ ነው ትል ነበር።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እንደ ወትሮው ማንም ሲገባ ወንበር አልፈለገም፤ ሁሉም መጀመሪያ አንጋጦ ጣሪያውን አየ። ከመብራቱ አጠገብ አንድ ስንጥቅ አለ። ስለ ስንጥቁ ተከራክረው ሳይጨርሱ ኮሮጆው ዞሮ ተመለሰ።

ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። ወረቀት እከፍታለሁ፣ ስምህን አነባለሁ። እከፍታለሁ፣ ስምህን አነባለሁ። ጸሐፊው ሰሌዳው ላይ መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ፈገግ ይል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሳል በዛ። በኋላ ሳሉም ጠፋና የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ የሰው የግብር ደረሰኝ የማነብ ያህል ነበርኩ። ስምህ ሲደጋገም የማንም ስም ሆነ።

ስጨርስ ከፊት ረድፍ አንጋፋው የውሃ መሐንዲስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እኔ እንኳ ለመታሰቢያ ያህል አንዷን ልስጠው ብዬ ነው" አሉ። "ሌላው መቼም ለውሃ ልክ ይሰጣል ብዬ።"

"እኔም!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እኔም እንደዚያው አስቤ..."

አዳራሹ ሙሉ እንደዚያው አስቦ ኖሯል። በመጨረሻ ውሃ ልክ ራሱ እጁን አወጣ። "ለራሴ መስጠት አፈርኩ። ለማን ልስጥ ታዲያ? ለእሱ ሰጠሁ" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወዲያው እኔን እያየ ሳቁን ዋጠ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አንተ የምትጨምርባት ነበረችህ፤ "ሃምሳውም ‘ያኛው ይያዘው’ ካለ ሎሚው መሬት ነው" የምትላት። ለጀማሪዎች ስለ ምሰሶ ስታስተምር የምታመጣት። እነዚያ ጀማሪዎች ናቸው እንግዲህ፣ አርጅተው አዳራሹን የሞሉት።

አሁን ወደ ደንቡ መጣን። ደንቡን ያረቀቅከው አንተ ነህ። አባላቱ አንድ ጊዜ ያልጠየቁትን ሰው በሌለበት መርጠው ከተጣሉ በኋላ፣ እኛው ሳሎን ተቀምጠህ የጻፍካት አንቀጽ ናት። ተመራጩ በራሱ አንደበት እንዲመልስ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ካልመለሰ፣ ያልመለሰበትን ምክንያት ሰብሳቢው በግልጽ ቃል ለጉባኤው ያሳውቃል። ያኔ ብቻ ወንበሩ ለተከታዩ ይተላለፋል። "‘በግልጽ ቃል’ የምትለዋ ምን ትሠራለች?" ብዬህ ነበር። "ሰው እንዳያድበሰብስ" አልከኝ።

ጸሐፊው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "እንዝለለው?" አለኝ። አንጋፋው ሰምተው "ይዘለል፣ ይዘለል፤ ልጅቷን አታስጨንቋት" አሉ። መዝለል እችል ነበር። ግን አንተ ያሰላኸው ጣሪያ ፑንቴሎው ሲነሳ፣ እነዚያ ደጋፊ እንጨቶች አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ሥሩ ገብተህ ትቆም ነበር። "ያሰላሁት እኔ፣ የምቆመውም እኔ" እያልክ። እኔ ደግሞ አጥሩ ዳር ቆሜ እጄን እነክስ ነበር። አሁን ያሰላኸው አንተ፣ የቆምኩት እኔ ነኝ።

"ተመራጩ ይቀበላሉ ወይ?" አልኩ ወደ ማይክሮፎኑ።

ጸሐፊው "አንድ" ብሎ መዘገበ።

"ተመራጩ ይቀበላሉ ወይ?"

የኋላው በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ጉባኤው ባንድ ላይ ዞረ። እኔም አየሁ፤ ሁልጊዜ አርፍደህ፣ ሱሪህ ሲሚንቶ እንደነካ ነበር የምትገባው። የአዳራሹ ጥበቃ ነው። ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት "ይቅርታ፣ የጨረሳችሁ መስሎኝ" ብሎ በሩን መለሰው።

"ተመራጩ ይቀበላሉ ወይ?"

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ውሃ ልክ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "እኔ ልበለው፣ ግድ የለሽም" አለኝ። በእጄ ተቀመጥ አልኩት።

"ተመራጩ አልመለሱም" አልኩ። "ባለቤቴ ሞቷል።"

ምንም አልሆነም። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ጸሐፊው ጻፈው። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። ውሃ ልክ ሦስቴ ሳይጠየቅ በመጀመሪያው "እቀበላለሁ" አለ፤ እያለቀሰ ነበር። እኔ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቦርሳዬን ያዝኩ። ከአዳራሹ ውጪ ስንት ሰው አቀፈኝ። የማንንም ክንድ አላስታውስም።

ማታ እህትህ "ማን ተመረጠ?" አለችኝ። "ወንድምሽ" አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ስነግራት ሳቀች፣ ስትስቅ አለቀሰች፣ ለእኔ የሚበቃም ጨምራ አለቀሰች። እኔ ሻይ አፈላሁላት።

በማግስቱ ለጋራዡ ደወልኩ። "ባለቤቴ ሞቷል፤ መኪናዋን እኔ እወስዳታለሁ" አልኩ። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው አይከብድም። ሄድኩ፣ ፈረምኩ፣ ገባሁ። ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ልነሳ ስል እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ያ ረጅም እግርህ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ አንተን ይጠብቃል።

ከሥር ያለውን እጀታ ያዝኩና ወደ ፊት ሳብኩት። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መጣ። እጀታውን ሳልለቅ አለቀስኩ። ዓይኔ እስኪጠፋ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መካኒኩ ደንግጦ መስታወቱን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ? ፍሬኗ ተሠርቷል እኮ!"

ቤት ስገባ እህትህ ዓይኔን አየችና "ጎሽ" አለችኝ።

መኪናዋን እኔ እነዳታለሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ አልመልሰውም።

ባለቤትህ፣
የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ