የሠርግ ሳሪሽ ጥለት

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለማህፉዛ፤

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? የማሌዥያ ሙቀት አላስቸገረሽም? ባልሽ ጦየብስ ደህና ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደለብንም። በተጋባችሁ በዘጠኝ ዓመታችሁ ማርገዝሽን ከሰማን ወዲህ እማን ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል።

ያኔውኑ ለብሳ የጨረሰቻቸውን አራት ሳሪዎች አወጣችና ደራርበን ለሕፃኑ መጠቅለያ የሚሆን ካንታ መጥለፍ ጀመርን። ዓሣውንና ዝሆኑን እኔ ጠለፍኩ። ጎረቤታችን ሖስነ አራ ዝሆኔን አይታ "ይቺ ጎሽ ናት ወይስ የተቆጣች አማት?" ብላ ሳቀችብኝ። መሐል ላይ ያለውን የሎተስ አበባ ግን እማ ለማንም አላስነካም አለች።

አበባው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀዩ ክር አለቀ። ከገበያ ልግዛ ብላት "የሕፃን ካንታ ክር ከሳሪ ጥለት ይመዘዛል እንጂ ከሱቅ ይገዛል እንዴ? ማን ነው ያሳደገሽ?" አለችኝ። ቤት ውስጥ የቀረው ቀይ ጥለት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። እትዬ፣ እንግዲህ ጉዴን ልንገርሽ፤ አደራ ብለሽ የተውሽው የሠርግ ሳሪሽ ነው። "ስመለስ እለብሰዋለሁ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይለብሰው" ያልሽኝ ትዝ እያለኝ፣ ከሩዝ ጎተራው ጀርባ ተደብቄ ጥለቱን መዘዝኩት።

እማ ክሩን ገና በጣቷ ስትዳስሰው ጉድ ፈላ። "ይሄ የእኔ አይደለም፤ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ጨርቅ ነው" አለችና ጆሮዬን ይዛ ሳሪሽ ያለበት ሣጥን ድረስ ወሰደችኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ጆሮዬን! ጥለት አልባውን ሳሪሽን ስትዘረጋው እኔ አለቀስኩ። ኋላ ግን "በቃ፣ እንዲህ ሆኖ ለማን ይሆናል? ሂጂና እስኪለሰልስ እጠቢው" አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ኩሬው ዳር ሳሸው ዋልኩ። ሲለሰልስ ከካንታው ሥር ገጥመን፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን እየተሳሳቅን ሰፋነው። የሕፃኑን ገላ የሚነካው በዚያ በኩል ነው።

አበባው ትላንት አለቀ። እማ ካንታውን ጉንጯ ላይ አድርጋ አሸተተችውና ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሞኽሌስ ነገ ወደናንተ ስለሚሳፈር ይዞልሽ ይመጣል።

ለጦየብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች። አባባ ከሶላት በኋላ ሁሌ ዱዓ ያደርግልሻል። ሖስነ አራም ሰላም ብላሻለች፣ ዝሆኑን ግን አሁንም አልተቀበለችም።

በሳሪው ከተቆጣሽ ጆሮዬ ዝግጁ ነው። ቃልሽን ግን ጠብቄያለሁ እትዬ፤ እስካሁን ማንም አልለበሰውም፣ የሚለብሰውም ካንቺው የሚወጣ ነው።

ታናሽ እህትሽ ዲልሩባ
ጀማልፑር፣ በቤንጋል አቆጣጠር ፋልጉን 12 ቀን 1400