ለሆዴ የሰገድኩት ስግደት

እሑድ፣ ኅዳር 8

ባለቤቴን የውብዳርን ከእግር ጉዞዋ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ይህችን ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ስኳር ሲገኝባት ሐኪሙ "ጠዋት ጠዋት በእግርሽ ሂጂ" አላት። "አብረን እንውጣ" ብላ ለመነችኝ። "ሥራ ፈቶች ይሉናል። እኔን አታሰድቢኝ" አልኳት። ሁለት ሳምንት ብቻዋን ወጣች። ከዚያ እየተቆጣሁ መውጣቱን አስተውኳት። ስትሞት ለልጃችን ለብርቄ ምን አልኩ? "መከርኳት፣ እምቢ አለች።"

ዛሬ ይህን ያስጻፈኝ ውርደት ነው። ከመስቀል ወዲህ እኔም ስኳር አለብህ ተብዬ እንቅስቃሴ ታዞልኛል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር፣ ስቡ ቆዳዬ ሥር ብቻ ሳይሆን ጡንቻዬ ውስጥም ገብቷል አለችኝ። የድልብ በሬ ሥጋ በዓይኔ መጣብኝ፣ ቀዩ መሃል ነጩ ተጋድሞ። "እግርና ጉልበት የሚያሠራ ነገር ይሥሩ፤ አንድ ቀን አያቋርጡ" አለች።

ወረታ፣ በምሠራበት ሩዝ መፈልፈያ በር ፈጠን ብዬ ስሄድ ጫኝና አውራጆቹ "ጋሼ ካሴ፣ ማን እያባረረዎት ነው?" ብለው ተንከተከቱ። አፈርኩ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሄጄ እንቅስቃሴዬን፣ መውደቅ መነሣቱን፣ ስግደት አስመሰልኩት። ሰው "ካሴ ንስሐ ገባ" እያለ ያመሰግነኝ ጀመር። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ዛሬ "አያቋርጡ" የተባልኩት ብቻ ትዝ ብሎኝ ስወድቅ ስነሣ የንስሐ አባቴ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ካሴ፣ በሰንበት ስግደት እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ለማን ነው የምትሰግድ?"

"ለሆዴ፣ አባ።"

አልሳቁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጤና ጣቢያ። ሚዛኑ እዚያው ነው። አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም።

"ታዲያ ያ ሁሉ ላብ የት ገባ?" አልኳት ሲስተርን።

"ጡንቻ ውስጥ ያለውን ሚዛን አያሳይም፣ አባቴ። ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ ስቡ ዝም ብሎ ይከማቻል፤ ስኳሩ መግቢያ ያጣል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ግን እንደ ኩራዝ ጋዝ ያነድደዋል። ሁሉም ላይጠፋ ይችላል፤ ሥራ ግን ያገኛል።"

ጣቴን ወጋች። ስኳሬ ወርዷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

"ለሟች ባለቤቴም ይሠራ ነበር?"

ካርዴን አገላበጠች። "ሊረዳት ይችል ነበር" አለች። ያድናት ነበር አላለችም። እኔ ግን የሰማሁት ያንን ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ብርቄ ደወለች። ያገባችው ከከተማችን ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል ነው። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ ለሐሙሱ የሚካኤል በዓል ና አለችኝ። ከዚያ ጨመረች፦ "ስግደትህን ሰው ሁሉ ያወራል፣ አባዬ። እማዬም ምክርህን ሰምታ ያንተን ግማሽ ተንቀሳቅሳ ቢሆን ኖሮ! እስካሁን ተቀይሜያታለሁ። መቃብሯም የማልሄደው ለዚያ ነው።"

"እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አልሰገድኩም። ሳይርበኝ ሁለት እንጀራ በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አወጣሁት። "ቀኖና ይስጡኝ። መቶም ሁለት መቶም ስግደት ይበሉኝ" አልኩ።

"ስግደቱንማ ለመድኸው፤ አይከብድህም። ልጅቱ እናቷን ትቀየማለች፤ ያስቀየምካት አንተ። መጀመሪያ ሄደህ ንገራት።"

"ብትጠላኝስ፣ አባ?"

"ትጥላሃ።"

እንዲህ ያለ መልስ ከቄስ አልጠበቅኩም። ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በእግሬ ሄድኩ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። "ጋሼ ይግቡ እንጂ፣ ሊወድቁ ነው!" እምቢ አልኩ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ጭኔ ነደደ። ይንደድ አልኩ።

ብርቄ ደጅ ተቀበለችኝ። መንገደኛ ነኝና እግሬን ልታጥብ ለብ ያለ ውኃ ይዛ በርከክ አለች። እግሬን ሰበሰብኩ።

"ቆይ ልጄ። እናትሽ እምቢ አላለችም። አብረን እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር። ሰው ይስቅብኛል ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። አንቺንም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ገብታ በሩን መለስ አደረገችው። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ።

ስትወጣ ነጠላዋን አጣፍታለች። "እማዬ መቃብር፣ ወረታ ልሄድ ነው" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለባሏ።

"ብርቄ፣ አብሬሽ ልሂድ?"

መንገዷን ጀመረች። ያልታጠበ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ። እስከ መቃብሩ ድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ሄድኩ። ጉልበቴን አሞኝ ሳነክስ አንድ ጊዜ ቆመች፤ ዞር ግን አላለችም። እስክደርስባት ጠብቃ እንደገና ቀደመችኝ።